የተቀበልኩት ጨርቅ

ሦስት ሳምንት ሰጡኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት የሽመና ማሽን ለብቻዬ ማሠራት እንደምችል ካሳየሁ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ካልቻልኩ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ። የመጣሁበት ደግሞ ከተማ መሀል ያለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ሽንት ቤት አጸዳ ነበር። ሥራ አይናቅም፣ እኔም አልናቅሁትም። ግን ሸማኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል እየወለወልኩ "ኧረ እኔ ሸማኔ ነኝ!" እያልኩ ለራሴም ለሰውም ስለፈልፍ ኖሬ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሜልቦርን ውስጥ፣ ብረንስዊክ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ለከሰዓት ፈረቃ ሸማኔ እንደሚፈልግ ሰማሁ። በማግስቱ ቀጠሮ ሳልይዝ ሄድኩ።

አለቃው ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንዱን ጠቃጠቆ የወረሰው ሰው ነበር። የምስክር ወረቀቴን ተቀብሎ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። የተጻፈው በሩሲያኛ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽመና የተማርኩበት።"

"የት አገር?"

"ሩሲያ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ሻርፕ የተከናነበች ሐበሻ መጥታ የሩሲያ ሸማኔ ነኝ ስትለው ሰውዬው ምን ይበል? አልፈረድኩበትም። ወረቀቱን እጁ ላይ ትቼ አጠገባችን ወደቆመው ማሽን ሄድኩ። አንድ ድር ተበጥሶ ነው የቆመው። ሳላስፈቅድ ሁለቱን ጫፍ ፈልጌ ቋጠርኩት። የሸማኔ ቋጠሮ ያወቀበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ ሳይጨርስ ይቋጥረዋል። አለቃው ቋጠሮውን በጥፍሩ ዳሰሰና ወረቀቴን መለሰልኝ። "ሰኞ ነይ" አለኝ።

አስኮት ቬል ቤቴ እስክደርስ ትራሙ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው አብዳለች ሳይለኝ አልቀረም።

አባቴ ወሎ ውስጥ ሸማኔ ነበር። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሴት ልጅ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሯን ከታ ስትሸምን ታይታ አትታወቅም። ሸማኔውም ቢሆን የሠራውን ይለብሱለታል እንጂ ልጃቸውን አይድሩለትም። እኔ ከአባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ማግ እያጠነጠንኩ ነው ያደግሁት። በደርግ ጊዜ አካባቢያችን ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊከፈት ነው ተባለና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ውጭ ሄደው እንዲሠለጥኑ ተመዘገቡ። ስለ ድርና ማግ የሚያውቅ ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአባቴ ስነግረው "ሴት ሸማኔ!" ብሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ መጨረሻ ላይ መረቀኝ። ዱዓው ረጅም ነበር፤ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም።

የላኩን ቦታ ከተማ አይባልም። ከሞስኮ አንድ ሌሊት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ የሚደረስበት የፋብሪካ መንደር ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ የሚከፈትበት አንድ ክበብ። ፋብሪካው በቀይ ጡብ የተሠራ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ሲወለድ ቆሞ ያገኘው ነው። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ የመስኮቶቹ ዙሪያ ደግሞ በመጋዝ ተፈልፍሎ የነጠላ ጥለት መስሏል። ሰዉ ፋብሪካውን እንደ እናት "እሷ" ነበር የሚላት። እሷ አበላችን፣ እሷ አደነቆረችን ይሉ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ወንዙ ከፋብሪካው በታች እንደየቀኑ ቀለሙ ይለዋወጣል። ሴቶቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩና በሚቀጥለው ወር ሱቅ የሚገባው ጨርቅ ቀይ ይሁን ሰማያዊ አስቀድመው ይነግሩሻል። ሆዳቸው ሰማያዊ የሆነ ዳክዬዎች ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ላይ ከፈረቃ ስወጣ ከላይ ነጭ ነገር ይወርዳል። የጥጥ ብናኝ ከፋብሪካው ጭስ መውጫ እየወጣ መስሎኝ፣ አስተማሪዬ "ብናኝ ማሽን ላይ አይደር" ትል ስለነበር፣ መጥረጊያ ፈልጌ የበሩን ደረጃ መጥረግ ጀመርኩ። እየጠረግሁ ይወርዳል፣ እየጠረግሁ ይወርዳል። ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቅቶት ግድግዳ ተደገፈ። በረዶ መሆኑን የተረዳሁት እጄን ሲያቃጥለኝ ነው። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ ዳቦ ቤት ሳይቀር "ያቺ በረዶ ጠራጊ" ተባልኩ።

ወንድ በዚያ መንደር እንደ ቀበሌ ስኳር ነበር፤ ስሙ አለ፣ እሱ የለም። ክበቡ ውስጥ ሴት ከሴት ጋር ነው የምትጨፍረው። አንዳንዱ በጦርነት አልቋል፣ አንዳንዱ ለተሻለ ሥራ ሄዷል፣ የቀረው ደግሞ ይጠጣል። ሽመናው ሙሉ በሙሉ የሴት ነው። የፋብሪካው በር ላይ ጎበዝ ጎበዞቹ ሸማኔዎች ፎቶግራፋቸው በትልቁ ተሰቅሏል። ያ ፎቶግራፍ ሥር ስንት ቀን ቆሜ እንዳየሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ለአባቴ ልጅ አይድሩለትም፤ እዚህ የሸማኔ ፎቶ እንደ ንጉሥ ይሰቀላል! ከዚያ ቀን ወዲህ ሸማኔ ነኝ ለማለት አፍሬ አላውቅም።

አስተማሪዬ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የፊት ጥርሷ የወርቅ የሆነ፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ናት። ያስተማረችኝ ብዙ ነው፤ የሁሉም አውራ ግን ርክክብ ነው። እዚያ መንደር ፈረቃ ሲቀየር ማሽን አይቆምም። ተረካቢዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትመጣለች። ከምትወጣዋ ጋር ማሽኖቹን እየዞሩ ያያሉ፤ ተረካቢዋ መዳፏን ከጨርቁ ሥር አስገብታ ትዳብሳለች፣ የጎደለ ድር ካለ ዓይን ሳያየው መዳፍ ያውቀዋልና። ጉድለት ካገኘች ያን ጊዜ ትናገራለች። ካላገኘች የራሷን ቀለም ክር ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ታስራለች። እያንዳንዷ ሸማኔ የራሷ ቀለም አላት፤ ለእኔ ጡረታ የወጣች የአንዲት ሴት አረንጓዴ ደረሰኝ። ክር ማሰር ማለት "ተቀብያለሁ" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ ያለው በሙሉ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ያንቺ ነው።

አንድ ቀን በደንብ ሳላይ አሰርኩና ከክሩ በፊት የተበላሸ ጨርቅ ተገኘ። "ይሄ እኮ የእኔ አይደለም፣ የሷ ነው" አልኩ።

"ክሩ የማን ነው?" አለችኝ አስተማሪዬ።

"የእኔ።"

"እንግዲያስ ዝም ብለሽ ፍቺው።"

አንድ ክንድ የሚሆን ጨርቅ ማግ በማግ ስፈታ ዋልኩ። እያለቀስኩ ነው የፈታሁት፤ እሷ ደግሞ ቆማ አየችኝ እንጂ አይዞሽ አላለችም። ያን ቀን ጠላኋት። ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ስለያት ግን አንገቷ ሥር ገብቼ አልወጣ አልኩ።

አገሬ ተመልሼ ስድስት ዓመት ሸመንኩ። ከዚያ ጦርነቱ አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም በናይሮቢ በኩል ዞሬ ሜልቦርን ገባሁ። ወደ ሦስቱ ሳምንት ልመለስ።

የጠዋቱ ፈረቃ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ እዚህ አገር ሦስት ሰዓት ማለት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ እንደለመድኩት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ከች አልኩ። አራቱን ማሽኖች ጠዋት የምታሠራው ከመቄዶንያ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን ቀይ የምትቀባ ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቆማለች። ሰላም ብያት ወደ ማሽኑ ገባሁ፤ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ከጨርቁ ሥር ሰደድኩ፣ ዳበስኩ፣ ከኪሴ አረንጓዴ ክር አውጥቼ ጠርዙ ላይ አሰርኩ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ። አብራኝ ትዞራለች ብዬ ስጠብቅ ማሽኖቹን ቀጭ ቀጭ አድርጋ አቆመችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። የሚሠራ ማሽን ማቆም! ያንን ማድረግ እኔ የተማርኩበት መንደር ውስጥ እንጀራ እንደ መርገጥ ነው። አለቃው አይቶ አለፈ፤ ለካ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው። እኔ ግን የተማርኩትን አልተውኩም፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከኋላዋ እቆማለሁ።

አስኮት ቬል ከእኔ በታች ካለው ፎቅ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው የደሴ ሴት ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ አብረን እንጠጣለን። ነገርኳቸው።

"ቀደም ብለሽ ስትገቢ ኦቨርታይም ይከፍሉሻል?" አሉኝ።

"ኧረ አይከፍሉኝም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ሺፍትሽ ሳይደርስ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እቀበላለሁ።"

"ማንን?"

"ጨርቁን።"

"ጨርቅ እንግዳ ነው እንዴ የሚቀበሉት?" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ግን ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ስሚኝ ልጄ። ሰው ሲሠራ ከኋላው ቆሞ ማየት ደግ አይደለም። ሴትዮዋ ትፈራሻለች።"

"ምን አድርጌያት ትፈራኛለች፣ እትዬ? እንደ ሕጉ ነው የምሠራው።"

"የማን ሕግ?" አሉኝ። ያን ጊዜ ግን ሰው የምሰማ ሰው አልነበርኩም።

በምሳ ክፍሉ የሚወራውን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ እትዬ ያሉት ይገባኝ ነበር። ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ረክሷል፣ ቀረጡ ወርዷል፣ ፋብሪካዎች እየተዘጉ ነው፣ የእኛም ሰው ሊቀንስ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ በተወራበት ሳምንት አንዲት የማትታወቅ ሴት መጥታ ያንቺን ጨርቅ በየቀኑ እየዳበሰች ምልክት ብታስርበት አንቺስ ምን ትያለሽ?

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ነገሩ ፈነዳ። የሽመና አዳራሽ ውስጥ ጆሮ አይሠራም፤ ጫጫታው ያደነቁራል። በዚያ በሩሲያ መንደር ሸማኔ ሁሉ በከንፈር ነው የሚያወራው፤ ድምፅ ሳያወጡ አዳራሹን አቋርጠው ወግ ይጠርቃሉ። እኔም ተምሬዋለሁ። ያን ቀን ሴትዮዋ ወዲያ ማዶ ላለች ያገሯ ልጅ በከንፈሯ ስታወራ አየኋት። መቄዶንኛ ለሩሲያኛ የአጎት ልጅ ነው፤ ቃሉን ከሩቅ አነበብኩት። "ሰላይ ናት" ነው ያለቻት። "ለአለቃው የምትሰልል።"

ደሜ ፈላ። እኔም ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ፣ በሩሲያኛ "ሰላይ አይደለሁም! ሸማኔ ነኝ!" አልኳት።

ሴትዮዋ እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች። ከዚህች ጥቁር ሴት አፍ የዘመዷን ቋንቋ ትጠብቃለች? ይህን ጊዜ እንታረቃለን ብዬ ነበር። የት! እንደምሰማት ባወቀች ጊዜ ይባሱን ባሰባት፤ እስከ ዛሬ ለራሷ ያጉረመረመችውን በሙሉ አሁን ፊት ለፊት ወረደችብኝ። እኔም አልተኛሁላትም። አለቃው ሮጦ መጥቶ መሀላችን ገባ።

"ከዛሬ ጀምሮ ልክ በሰዓትሽ ነው የምትገቢው" አለኝ። "ከሺፍትሽ በፊት ማሽን ቢጎዳሽ ኢንሹራንስ የለሽም።" ከዚያ አረንጓዴውን ክር አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ፈረቃዬ የሚጀምርበት ነው" አልኩት።

ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። "ይህንንስ ቀጥይበት" አለኝ። ያቺን ፈገግታ ያን ጊዜ አልጠረጠርኳትም።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ከነማሽኑ አስዋጠኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ እሷን ዘወር ብዬ አላይም፣ የቆሙትን ማሽኖች አስነሳለሁ፣ ጨርቁን ሳልዳብስ ሳላይ ክሬን ጠርዙ ላይ አስራለሁ። በሰዓትሽ ግቢ ካላችሁኝ ይኸው በሰዓቴ ነኝ፤ አትዳብሺ ካላችሁኝ ይኸው አልዳበስኩም። መዳበስ የከለከለኝ ሰው ግን አልነበረም። እጄን የሰበሰብኩት እኔው ራሴ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ አለቃው ወደ ፍተሻ ክፍል ጠራኝ። ለተማሪ ዩኒፎርም የሚሆን ጥቁር ግራጫ ሱፍ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። መሀል ለመሀል ቀጭን መስመር ተጋድሞበታል፤ አንድ ድር የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚሉት አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚሆን አይነግሩንም፤ ያንን ጨርቅ ማንም አይገዛውም። እያንዳንዱ ድር ላይ አንዲት ስስ ብረት ትንጠለጠላለች፤ ድሩ ሲበጠስ ትወድቅና ማሽኑን ታቆማለች። ይህችኛዋ በብናኝ ተይዛ አልወደቀችም። መስመሩ የሚጀምረው ከአረንጓዴው ክር ሦስት ሜትር በፊት ነው፤ ከክሩ በኋላ ደግሞ አሥራ አንድ ሜትር ይሄዳል። አሥራ አንድ ሜትር ሙሉ እኔ፣ ያቺ የሩሲያ ሸማኔ፣ ፊቱ ቆሜ አላየሁትም።

እንደተባረርኩ ነው የቆጠርኩት። አለቃው ግን በሩን ዘጋና ወንበር ሰጠኝ።

"ከክርሽ በፊት ነው የሚጀምረው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ስለዚህ ጥፋቱ የሷ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከወሩ መጨረሻ በኋላ አንድ ፈረቃ ነው የሚቀረው። ለእነዚህ አራት ማሽኖች አንድ ሸማኔ ይበቃኛል። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላት፣ እንዲሁ አላሰናብታትም፤ ምክንያት ያስፈልገኛል።" አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ጉድለቱ የጀመረው ከእኔ ፈረቃ በፊት ነው ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። "እውነቱን ብቻ ነው የምትፈርሚው። ቦታው ያንቺ ነው።"

እስከ ነገ ልየው አልኩት።

ችግሩ ወረቀቱ እውነት መሆኑ ነው። ዋሺ ቢለኝ ኖሮ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ወርውሬ እወጣ ነበር፤ ለመቆጣትማ ማን ይቀድመኛል። አርብ ጠዋት ለእትዬ ነገርኳቸው።

"እውነት ከሆነ ምን ኃጢአት አለው? ፈርሚ!" አሉኝ። "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው። ፐርማነንት ይሁንልሽ ብዬ በየሶላቴ ስለምን ከርሜ፣ አሁን ደግሞ ሽንት ቤት ማጠብ ናፈቀሽ?"

"ክሩ የእኔ ነው፣ እትዬ።"

"አቦ ክሩን ተይው!"

"ብተወውማ በምኔ ሸማኔ እባላለሁ?"

 ይህን ስናገር ገና ራሴን መስማቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሸማኔ ነኝ እያልኩ ሰው ሳደነቁር ከረምኩ፤ ሸማኔ ከሆንኩ እንግዲህ የሚገዛኝ የሸማኔ ሕግ ነው። ወረቀቱ ላይ ከፈረምኩ ማሽኖቹን አገኛለሁ፣ አጠገባቸው የምትቆመው ግን ሸማኔ ሳትሆን እንዲያው ማሽን የምታስነሳ ሴት ናት። ፈራሁ፣ አልዋሽም።  ትራሙ ኖርዝ ሜልቦርን ሲደርስ ልውረድና ልመለስ ብዬ ነበር። አልወረድኩም።

"ጨርቁን ተቀብያለሁ" አልኩት አለቃውን። "ሳላይ ነው የተቀበልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የምትዪው ይገባሻል?"

"ይገባኛል።"

"ሦስት ሳምንትሽ ዛሬ ያልቃል።"

"አውቃለሁ። ጨርቁን ግን ሳልጠግነው አልሄድም።"

ሰውዬው ጭንቅላቱን ያዘ። የጠፋ ድር በመርፌ ይተካል፤ አንዱን ማግ ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያሉ ክሩን በገዛ መንገዱ መልሶ ማስገባት ነው። ዓይን ይጨርሳል፣ ወገብ ይቆርጣል። በፋብሪካው የጥገና ክፍል የነበረችው ሴት ዓይኗ ደክሞ በዚያው ወር ልትወጣ ነበር፤ ያልተጠገነ ጨርቅ ተቆልሏል። "የፈለግሽውን አድርጊ" ብሎኝ ሄደ። ቁጭ አልኩና ከአሥራ አራተኛው ሜትር ወደ ኋላ ጀመርኩ። እኔ አበላሽቼ ከጨረስኩበት ወደ ክሬ።

ሰኞም ሳልጠራ ተመልሼ መጣሁ። ያስወጣኝ የለም። ጠዋት አለቃው ገብቶ የጠገንኩትን መብራቱ ላይ ዘረጋው፤ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። መስመሩን አጣው። "እዚህ ክፍል ቋሚ ቦታ አለ" አለኝ ሲወጣ። "ማሽኖቹ ግን የሷ ናቸው።"

እሺ አልኩ። አልሐምዱሊላህም አልኩ። ቀጥሎ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። የሽመናው አዳራሽ ከግድግዳው ወዲያ ሲያገሣ ወንበሩ ድረስ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ መርፌ ይዤ፣ ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ አንድ ማሽን አላስነሳሁም። አልፈረምኩም ብዬ የምኮራውን ያህል ያቺ ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ናት፤ ሽርጧን ገና አላወለቀችም። እሷ በመቄዶንኛ፣ እኔ በሩሲያኛ፣ ቀስ ብለን ስናወራ አብዛኛውን እንግባባለን።

"ጥፋቱን ራስሽ ላይ ወሰድሽው አሉ" አለችኝ።

"ክሩ የእኔ ነው" አልኳት። ክር ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። በመጀመሪያው ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን።

ጎንበስ ብላ ጨርቁን አየች። "አይቼው ነበር" አለች። "ልወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረኝ። ብረቷ በብናኝ ተይዛ፣ ድሩ ተበጥሶ አየሁት። ዝም አልኩ። አንቺ ላይ እንዲገኝ ብዬ ነው የተውኩት።"

መርፌው እጄ ላይ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ያን መርፌ እጇ ላይ ልሰካው አሰኝቶኛል። አሥራ አንድ ሜትር ሙሉ ስለፋ የከረምኩት፣ ማሽኖቼን ያጣሁት ለዚህች ሴት ነው? እንዲያው ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅባትም ነበር። አለቃው አያውቅ፣ እኔ አላውቅ። ማንም ሳያስገድዳት ሽርጧን እንዳደረገች መጥታ ነገረችኝ።

እጇን አየሁት። ጣቶቿን ድር በልቷቸዋል፤ እንደ እኔው ጣቶች።

"ሦስቱ ሜትር የእኔ ነው" አለችኝ።

በተማርኩት ሕግ ከሆነ የሷ አልነበረም። ክር የታሰረበት ጨርቅ ያንቺና የእኔ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። አስተማሪዬ ብትኖር ኖሮ ዝም ብለሽ ሥሪ ባለችኝ። እኔ ግን ጎኔ ያለውን ወንበር ሳብኩና ሁለተኛ መርፌ አቀበልኳት።

"ከየት እንደጀመረ አሳዪኝ" አልኳት።

ጣቷን አስቀመጠች። ልክ ቦታው ላይ ነው ያስቀመጠችው።

"እንግዲያስ ከዚያ ጀምሪ።"

ቁጭ አለች። ክሩ መርፌው ዓይን ውስጥ አልገባ አላት፤ ተቀብዬ አስገባሁላትና መለስኩላት።